ለሲኒየር ፕሮጀክት አስትሮፊዚክስ ፈልጌ አድቫይዘሬ ሶሊድ ስቴት ነው፣ ምን ርዕስ ይዤ ልቅረብ?

ማታ_ማታ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። ፊዚክስ 4ኛ ዓመት ነኝ፣ ግቢዬ ከአዲስ አበባ ውጪ ነው። የፕሮጀክት ታይትል አስገቡ ተብለን እኔ አስትሮፊዚክስ ካልሆነ ብዬ ድርቅ ብያለሁ፣ ከፍሬሽማን ጀምሮ ስጠብቀው የነበረ ነገር ስለሆነ። ችግሩ ዲፓርትመንታችን ውስጥ አስትሮ የሚሰራ ሰው የለም፣ የደረሰኝ አድቫይዘር ሶሊድ ስቴት (የጠጣር ነገሮች ፊዚክስ) ነው የሚሰራው፣ በጣም ጥሩ ሰው ነው ግን ታይትሌን ሲያይ ሳቀ። ታይትሌ "ዳርክ ማተር እና ዳርክ ኢነርጂ በዩኒቨርስ መስፋፋት ላይ ያላቸው ሚና" ነበር። "ይሄ ያንቺ ፕሮጀክት ነው ወይስ የሰው ልጅ በሙሉ?" አለኝ። ሌላ አምጪ፣ ካልሆነ ሶላር ሴል ላይ አንድ ርዕስ አለኝ እሱን እሰጥሻለሁ ብሎኛል።

ሁለተኛ ያሰብኩት ቡና እና አቦልን ነው፣ ያው በ2019 ለሀገራችን ደርሳ ቡና የተባለችው ኮከብና አቦል የተባለው ፕላኔቷ ማለቴ ነው። ግን ምን ብዬ እንደምሰራባቸው ግራ ገባኝ። ቴሌስኮፕ የለንም። አንዳንድ ልጆች እንጦጦ ሄደሽ ለምን አታዪም ይሉኛል። ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራም ናት፣ ፓይተን አንድ ኮርስ ወስደናል፣ ፕሎት መስራትና ፎር ሉፕ ምናምን እችላለሁ ከዛ በላይ አልቀልድም። የግቢ ዋይፋይ ደህና የሚሆነው ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ ነው፣ መብራትም እንደምታውቁት ነው። ዲፌንስ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሲሆን መሃል ላይ የኤግዚት ኤግዛም ዝግጅት አለ። በዚህ ሁኔታ የሚያልቅ እና ሰው የማይስቅበት ርዕስ አለ? ወይስ ሶላር ሴሉን ልቀበል?

ገላግሌ፦

እህቴ ራስሽን አታድክሚ። እኛ ባች ላይ አብዛኛው ሰው ሪቪው ነው የሰራው፣ 30 ገጽ ሰብስበሽ በራስሽ ቃል ጽፈሽ ሬፈረንሱን አስተካክለሽ ታስገቢያለሽ፣ አለቀ። በቢኤስሲ ኖቤል የሚሰጥ የለም። ዲግሪሽን የሚይዝብሽ ኤግዚት ኤግዛሙ ነው እንጂ ፕሮጀክቱ አይደለም።

ፓርሴክ፦

ስለ ኤግዚት ኤግዛሙ ያለው እውነት ነው፣ ሪቪው ይቀላል የሚለው ላይ ግን አልስማማም። ዳርክ ኢነርጂ ላይ ደህና ሪቪው ለመጻፍ ቢያንስ የፍሪድማን ኢኩዌሽን ከየት እንደመጣ ማወቅ አለብሽ፣ እሱ ደግሞ ጄኔራል ሪላቲቪቲ ውስጥ ይከትሻል፣ ኮርሱን አልወሰድሽም። ከሰው ጽሁፍ እየቀዳሽ 30 ገጽ ትሞያለሽ፣ ከዛ ኤግዛሚነሩ አንዷ ኢኩዌሽን ላይ ጣቱን አስቀምጦ ይህቺ እንዴት መጣች ሲልሽ ዝም ነው።

እኔ ማስተርሴን አስትሮ ሰርቼ አሁን አውሮፓ ፒኤችዲ ላይ ነኝ። የምመክርሽ አንድ ነገር ነው፣ ርዕስ አትፈልጊ፣ መልሱ ቁጥር ሆኖ የሚወጣ ጥያቄ ፈልጊ፣ ያንን ቁጥር ደግሞ ሌሎች ሰዎች ቀድመው የለኩት ይሁን። አዲስ ነገር ማግኘት ከአንቺ የሚጠብቅ የለም። የሰው ቁጥር 100 ያንቺ 60 ከሆነ ለምን ብለሽ የምትቆፍሪው ነገር አገኘሽ፣ እዛ ላይ ነው ፊዚክሱ ያለው።

አቦል ለዚህ አይመችሽም። ኮከቧ ኤችዲ 16175 አንድሮሜዳ ውስጥ ናት፣ ፕላኔቱ የተገኘው በራዲያል ቬሎሲቲ ነው፣ ማለትም ኮከቧ ወደኛና ከኛ ስትወዛወዝ ስፔክትረሟ ላይ በሚታየው የዶፕለር ለውጥ። አንዴ ለመዞር ወደ 990 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፣ ምህዋሩም በጣም ሞላላ ነው፣ በኮከቧ ፊት ሲያልፍ የታየ ነገር የለም። ስለዚህ ላይት ከርቭ (የኮከብ ብርሃን በጊዜ ሲለዋወጥ የሚያሳይ ግራፍ) አውርጄ ጥላውን አያለሁ ማለት አትችዪም። የታተመውን የራዲያል ቬሎሲቲ ሰንጠረዥ ወስደሽ ምህዋሩን እንደገና ፊት ማድረግ (fit፣ ከዳታው ጋር ማስማማት) ይቻላል፣ የሚያምር ስራ ነው፣ ግን የኬፕለር ኢኩዌሽን በኒውሜሪካል እየፈታሽ ብዙ ፓራሜትር ያለው ኖንሊኒየር ፊት መስራት አለብሽ፣ ካንቺ ጊዜ ጋር አይሄድም ባይ ነኝ።

እኔ ብሆን የፕሊያዲስን ርቀት ከጋያ ዳታ እለካ ነበር። ፕሊያዲስ ማለት መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ ሰባቱ ከዋክብት የተባሉት ናቸው፣ ታህሳስና ጥር ማታ ቀና ብለሽ ካየሽ እኛ ሀገር አናት ላይ ማለት ይቻላል የሚታዩት። ጋያ ደግሞ የአውሮፓ ስፔስ ኤጀንሲ በ2013 መጨረሻ ያመጠቀው ሳተላይት ነው፣ ዋና ስራው የከዋክብትን ቦታ፣ እንቅስቃሴና ፓራላክስ (ምድር ፀሐይን ስትዞር ኮከቡ የሚያሳየው ትንሽ የቦታ መዛነፍ፣ ርቀት የሚሰላበት) መለካት ነበር። መለካቱን በጥር 2025 አቁሟል፣ በ2022 የወጣው ሦስተኛው ዳታ ሪሊዝ ግን ወደ 1.8 ቢሊዮን ምንጮች አሉት፣ ለማንም ክፍት ነው፣ ብር የለ፣ ፈቃድ የለ፣ የድጋፍ ደብዳቤ የለ። ዌብሳይቱ ላይ ኤዲኪውኤል በሚባል ከኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ጋር በጣም በሚመሳሰል ቋንቋ ትጠይቂዋለሽ፣ ከዚህ የሰማይ ነጥብ በ3 ዲግሪ ዙሪያ ያሉትንና ፓራላክሳቸው ከ6 እስከ 9 ሚሊ አርክሰከንድ (አርክሰከንድ የዲግሪ 1/3600 ነው፣ ሚሊው የሱ አንድ ሺህኛ) የሆኑትን ስጠኝ ትይዋለሽ። የምትፈልጊያቸውን ኮለሞች ብቻ ከመረጥሽ ፋይሉ ትንሽ ነው፣ አንድ ሌሊት አውርደሽ ከዛ በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልግሽም። 4 ጊጋ ራምም ይበቃዋል አትስጊ።

ታዲያ ስቴትመንት ኦፍ ዘ ፕሮብሌም የሚሉትን ከየት አመጣለሁ ካልሽ ታሪኩ ራሱ ይሰጥሻል። ከጋያ በፊት ሂፓርኮስ የሚባል ሳተላይት ነበር፣ በ1989 የወጣ፣ እሱ ፕሊያዲስን ወደ 120 ፓርሴክ (1 ፓርሴክ 3.26 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው) ላይ አስቀመጣቸው፣ ሌሎች ዘዴዎች ደግሞ 133፣ 135 ይሉ ነበር። 10 ፐርሰንት ልዩነት ትንሽ እንዳይመስልሽ፣ ሂፓርኮስ ልክ ከሆነ እነዛ ከዋክብት ከሚገባቸው በላይ ደብዛዛ ናቸው ማለት ነው፣ ያ ደግሞ የከዋክብት ሞዴሎቻችንን ጥያቄ ውስጥ ያስገባል። ሰው ብዙ ዓመት ተጨቃጨቀበት። አንቺ ዳታውን ይዘሽ በራስሽ እጅ የትኛው ወገን ልክ እንደሆነ ታሳያለሽ። ዳርክ ማተር ካለው ርዕስ ይሄ አይሻልም?

ዋስፕ_ነኝ፦

ፓርሴክ ጥሩ ብሏል ግን ልጅቷ ፕላኔት ነው የፈለገችው፣ ለምን ትራንዚት (ፕላኔት በኮከቡ ፊት ሲያልፍ ብርሃኑ መቀነሱን) አትሰራም? ቴስ የሚባለው የናሳ ፕላኔት ፈላጊ ሳተላይት በ2018 ከመጠቀ ጀምሮ ዳታው ሁሉ ክፍት ነው፣ ላይትከርቭ የሚባል የፓይተን ፓኬጅ አለ፣ አንዱን የታወቀ ፕላኔት ለምሳሌ ዋስፕ 18 ቢን ብትወስጂ አንዴ የሚዞረው በ0.94 ቀን ነው፣ ቴስ አንድ ሴክተርን (የሰማይ ቁራጭ) ለ27 ቀን ስለሚያይ በአንድ ፋይል ብቻ ከ20 በላይ ትራንዚት ታገኛለሽ፣ ፋይሉም ጥቂት ሜጋባይት ነው። ብርሃኗ 1 ፐርሰንት አካባቢ ሲቀንስ በግልጽ ይታያል፣ የዛን ስኩዌር ሩት ስታወጪ የፕላኔቱና የኮከቧ ራዲየስ ሬሾ 0.1 ገደማ ይመጣል፣ ጁፒተርና ፀሐይን አስቢ። ዲፌንስ ላይ ያንን ግራፍ ስታሳዪ ሰው ሁሉ ይገባዋል፣ ፕሮፐር ሞሽን (ኮከብ በሰማይ ላይ በዓመት የሚያደርገው እንቅስቃሴ) ምናምን ብለሽ ማስረዳት የለ።

ፓርሴክ፦

@ዋስፕ_ነኝ እኔም እወደዋለሁ እኮ። የምፈራው አንድ ነገር ነው፣ ላይትከርቭ በሦስት መስመር ኮድ ሁሉንም ይሰራልሻል፣ ዳውንሎድ፣ ፍላተን፣ ፎልድ፣ ግራፉ ወጣ። ኤግዛሚነሩ አንቺ ምን ሰራሽ ሲል? ከዛ ፍላተን የሚለው ትዕዛዝ (የብርሃኑን ቀስ ያለ ለውጥ የሚያስተካክለው) መስኮቱ ካልተስተካከለ ራሱን ትራንዚቱን ይበላዋል፣ ይሄንን ሳያውቁ ጥልቀቱን የሚጽፉ አሉ። የቴስ አንድ ፒክስል ደግሞ 21 አርክሰከንድ ነው፣ ጎረቤት ኮከብ ብርሃኑን ይቀላቅልብሻል። እነዚህን ከመረመረች እሺ፣ ቆንጆ ፕሮጀክት ነው። ፕሊያዲስ ክላስተሩ (አብሮ የተወለደ የከዋክብት ስብስብ) ላይ ግን እያንዳንዱ ውሳኔ የራሷ ነው፣ የቱ ኮከብ አባል ነው፣ የቱ አላፊ አግዳሚ ነው የሚለውን እሷ ነች የምትወስነው።

ማታ_ማታ፦

ኧረ በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም፣ እንዲህ ዓይነት መልስ አልጠበቅኩም። ፕሊያዲሱ ልቤን ወስዶታል እውነቱን ለመናገር፣ ትናንት ሌሊት ጋያ ላይ ገብቼ ሞከርኩ። በፓይተን ስጠይቀው ግን ልክ 2000 መስመር ብቻ ነው የሚሰጠኝ፣ ራዲየሱን ባሰፋውም ያው 2000 ነው። ኢንተርኔቱ ነው? ሌላው የምጠይቀው፣ አባል የሆነውንና ያልሆነውን እንዴት ነው የምለየው? የፓራላክሱን አማካይ ወስጄ 1000 ለሱ ባካፍል አይበቃም? ደግሞ ይሄ ሁሉ ለቢኤስሲ አይቀልም ወይ የሚል ሰው ቢመጣስ?

ፓርሴክ፦

ኢንተርኔትሽ ደህና ነው። ተራው የጥያቄ ዓይነት 2000 ላይ ይቆርጣል፣ አሲንክ የሚለውን ተጠቀሚ። ከፈለግሽ ፓይተኑን ትተሽ ቶፕካት የሚባለውን ፕሮግራም ጫኚ፣ ነጻ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሰራል፣ ሰንጠረዡን ከፍተሽ በማውዝ እየመረጥሽ ታያለሽ፣ ለመጀመሪያ እይታ ከሱ የተሻለ የለም።

አባል መለየቱን በፕሮፐር ሞሽን ጀምሪ። የሁሉንም ከዋክብት በራይት አሴንሽንና በዴክሊኔሽን (የሰማይ ኬንትሮስና ኬክሮስ) በኩል ያላቸውን እንቅስቃሴ ኤክስና ዋይ አድርገሽ ፕሎት ስታደርጊ አብዛኛው ዜሮ አካባቢ ተበትኖ ታገኚዋለሽ፣ ለብቻዋ ግን ወደ 20 እና ነጌቲቭ 45 ሚሊ አርክሰከንድ በዓመት ላይ አንድ ጥቅጥቅ ያለች ጉብታ አለች። እሷ ናት ፕሊያዲስ። ልክ በየአቅጣጫው ከሚሄድ የገበያ ሰው መሃል ተያይዞ የሚሄድ የሰርግ አጃቢ እንደማየት ነው። በጉብታዋ ዙሪያ ክብ ሰርተሽ ውስጡን ትወስጃለሽ፣ ክቡን አጥብበሽና አስፍተሽ መልሱ ምን ያህል እንደሚቀየር ደግሞ በሰንጠረዥ አሳዪ። ይህቺን ሰንጠረዥ የሚሰራ ተማሪ ጥቂት ነው፣ ኤግዛሚነር ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው እሷን ነው።

ከዛ የቀሩትን ፓራላክስ ሂስቶግራም ስሪ። 7.4 አካባቢ ላይ ይቆማል፣ 1000 ለሱ ስታካፍይ 135 ወይ 136 ፓርሴክ፣ ወደ 440 የብርሃን ዓመት። አማካዩን መጀመሪያ አውጪና ከዛ ገልብጪው፣ የእያንዳንዱን ኮከብ ፓራላክስ ለየብቻ ገልብጠሽ ከዛ አማካይ አትውሰጂ፣ ደብዛዛዎቹ ላይ ኤረሩ ትልቅ ስለሆነ ስትገለብጪው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። እዚህ ጋ ደስ የሚል ነገር አለ። ደማቅ ለሆኑት የእያንዳንዱ ኮከብ የፓራላክስ ኤረር 0.02 እና 0.03 አካባቢ ነው፣ ሂስቶግራምሽ ግን ከዛ በጣም ይሰፋል። ለምን? ክላስተሩ ራሱ ውፍረት ስላለው ነው፣ ከመሃሉ 5 ፓርሴክ ወደኛ የቀረበ ኮከብ ፓራላክሱ በ0.28 ያህል ይበልጣል። ስለዚህ የሂስቶግራሙ ስፋት ኤረር ሳይሆን የክላስተሩን ጥልቀት ነው የሚነግርሽ። ይሄንን በራስሽ አስልተሽ አንድ ምዕራፍ ብታደርጊው "ለቢኤስሲ ይቀላል" የሚል ሰው አይኖርም።

ሲስተማቲክ ኤረር ከጠየቁሽ ጋያ ፓራላክሱን በትንሹ ዝቅ አድርጎ ነው የሚያነበው፣ በሩቅ ኳሳሮች (በጣም ሩቅ የሆኑ ደማቅ የጋላክሲ እምብርቶች) ሲፈተን ወደ 0.017 ሚሊ አርክሰከንድ ነው የወጣው። ፕሊያዲስ ላይ ይህ ከ0.3 ፐርሰንት በታች ስለሆነ መጥቀስ ብቻ ይበቃል፣ 2000 ፓርሴክ ላይ ያለ ክላስተር ብትመርጪ ግን ከ3 ፐርሰንት በላይ ስለሚሆን ትተሽ ማለፍ አትችዪም። ቅርቡን የመረጥኩልሽ አንዱ ምክንያት እሱ ነው።

ጊዜ ከተረፈሽ ብቻ የከለር ማግኒቲዩድ ዲያግራሙን ስሪ፣ ቢፒ ሲቀነስ አርፒ (በሰማያዊና በቀይ የተለካው ብርሃን ልዩነት) አግድም፣ አብሶሉት ማግኒቲዩድ ቁልቁል። ሜይን ሲክወንሱ (አብዛኛው ኮከብ የሚቀመጥበት መስመር) እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ከሱ በላይ 0.75 ማግኒቲዩድ ላይ ሁለተኛ ስስ መስመር ታያለሽ፣ እነሱ እኩል የሆኑ ጥንድ ከዋክብት ናቸው፣ ሁለት እጥፍ ብርሃን በማግኒቲዩድ 0.75 ነው፣ በካልኩሌተር አረጋግጪው። ሰዎች ሩዌ (የጋያ ልኬት ለነጠላ ኮከብ ምን ያህል እንደሚስማማ የሚያሳይ ቁጥር) ከ1.4 በታች የሆነውን ብቻ ውሰጂ ይሉሻል፣ ለርቀቱ ጥሩ ነው፣ ጥንዶቹን ማየት ከፈለግሽ ግን እሱ ፊልተር ብዙዎቹን ይጥልብሻል።

መምህር_ኖራ፦

ሰላም ልጆች። እኔ በማስተማር ላይ ያለሁ ሰው ነኝ፣ ዲፌንስ ላይ ለብዙ ዓመት ተቀምጫለሁ፣ ሁለት ሦስት ነገር ልበል።

አንደኛ አድቫይዘርሽን አትሽሺው። ሶሊድ ስቴት መሆኑ ችግር አይደለም፣ ሂስቶግራም ፊት ማድረግ፣ ኤረር ፕሮፓጌሽን፣ ሲስተማቲክና ራንደም መለየት፣ ይሄ ሁሉ የሱ የዕለት ስራ ነው፣ ኤክስሬይ ዲፍራክሽን ላይ ፒክ ሲፈልግ የሚውል ሰው ያንቺን ጉብታ በደንብ ይገባዋል። የሳቀው ርዕሱ ስለሰፋ ነው። ግራፉን ሰርተሽ በወረቀት ፕሪንት አድርገሽ ይዘሽለት ሂጂ፣ ርዕስ ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። እኔ ርዕስ ብቻ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ሳይ ሶላር ሴል መስጠት ነው የሚቀናኝ፣ አንድ ግራፍ ይዞ የመጣን ልጅ ግን እንዴት እምቢ እለዋለሁ?

ሁለተኛ ስለ እንጦጦ። እዛ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ፣ ቦታው ወደ 3200 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ሄዶ መጎብኘት ጥሩ ነው፣ እኔም ተማሪ ይዤ ሄጃለሁ። የፕሮጀክትሽን መሠረት እዛ ላይ እንዳትጥዪ ግን። ደመና አለ፣ የከተማው መብራት አለ፣ ምስሉ ተነስቶም ባያስ፣ ዳርክ፣ ፍላት ብሎ ማጽዳቱ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ደግሞ ፕሊያዲስ ግንቦት ላይ ከፀሐይ ጋር ስለሚሆኑ ማታ አታገኚያቸውም፣ ዲፌንስሽ ሰኔ ነው።

ሦስተኛ፣ ቴሌግራም ላይ "ፕሮጀክት በ3 ቀን" የሚሉ ቻናሎች አሉ፣ አንቺን አይደለም የምለው፣ ይሄን ለሚያነቡ ሁሉ ነው። ስንቀመጥ ገና ሁለተኛው ስላይድ ላይ እናውቀዋለን። "ይሄን ግራፍ ዋይ አክሲስ ለምን ገለበጥሽው?" ስንል የሰራው ልጅ ማግኒቲዩድ ሲያንስ ብርሃኑ ስለሚበዛ ነው ይላል፣ የገዛው ልጅ ጣሪያ ያያል።

ቦረና_ሰማይ፦

ፕሊያዲስ ስትሉ ዝም ማለት አቃተኝ። የቦረና ኦሮሞ የጊዜ አቆጣጠር ውስጥ ቡሳን የሚባሉት እነሱ ናቸው፣ ጨረቃ ከሰባት ከዋክብትና የከዋክብት ስብስቦች ጋር ስትገናኝ እየታየ ነው ወር የሚለየው፣ 12 ወር፣ 354 ቀን ገደማ፣ 27 የቀን ስሞች ያሉት። አያንቱ የሚባሉት አዋቂዎች ያለ ምንም መሣሪያ ነው የሚቆጥሩት። ለሚቀጥለው ባች ርዕስ የሚፈልግ ካለ ስቴላሪየም በሚባለው የሰማይ ፕሮግራም የጨረቃንና የነዛን ከዋክብት አቀማመጥ ለ4.5 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ እያሰሉ አቆጣጠሩ ስንት ዓመት ሳይዛነፍ እንደሚሄድ መፈተሽ ይቻላል። ጥያቄው ቁጥር ያወጣል ፓርሴክ እንዳለው ማለት ነው። ማታ_ማታ አንቺም መግቢያሽ ላይ አንድ አንቀጽ ብታደርጊው አይከፋም።

ገላግሌ፦

እሺ ተሸነፍኩ። እኔ በሪቪው ነው የተገላገልኩት አሁን ግን ይሄን ሳነብ ቀናሁ 😂 ግን ኤግዚት ኤግዛሙን እንዳትረሺው አደራ።

ማታ_ማታ፦

መምህር በጣም አመሰግናለሁ፣ እንዳሉኝ ፕሎቱን ይዤ ሄድኩ። ጉብታዋን ሲያይ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና "ይሄ ባክግራውንዱ ዩኒፎርም ነው ወይ?" ብሎ ጠየቀኝ፣ አላውቅም አልኩት፣ "እሱን አውቀሽ ነይ" አለኝ። ሶላር ሴሉን አላነሳውም። ታይትሌ አሁን "የፕሊያዲስ ክላስተር ርቀትና ጥልቀት ከጋያ ሦስተኛ ዳታ ሪሊዝ" ሆኗል። ባክግራውንዱን እንዴት ነው የማየው? ክቡ ውስጥ የማይመለከታቸው ስንት እንደገቡ በምን አውቃለሁ?

ፓርሴክ፦

ጎበዝ አድቫይዘር ነው ያለሽ! ያቺኑ የክብ ስፋት ይዘሽ ጉብታው በሌለበት ቦታ አስቀምጪና ስንት ኮከብ እንደሚገባበት ቁጠሪ፣ ግን ለዜሮ ያላት ርቀት ከጉብታዋ ጋር እኩል የሆነ ቦታ ምረጪ፣ ወደ ዜሮ ከተጠጋሽ ቁጥሩ ያለ አግባብ ይበዛብሻል። በተለያየ አቅጣጫ ሦስት አራት ቦታ ሞክሪ፣ ቁጥሮቹ ከተቀራረቡ ዩኒፎርም ነው ማለት ትችያለሽ፣ ካልተቀራረቡም ልዩነቱን ራሱን እንደ ኤረር ጻፊው። የሰማዩንም አድርጊ፣ ከክላስተሩ በ8 ዲግሪ ራቅ ብለሽ ተመሳሳይ ጥያቄ ለጋያ ላኪለትና በዛው ክብ ውስጥ ስንት እንደሚመጣ አስተያዪ፣ ሁለቱ ዘዴዎች ተቀራራቢ ቁጥር መስጠት አለባቸው።

ደግሞ የላክሽውን ኤዲኪውኤል ጥያቄ ቃል በቃል አፔንዲክስ ውስጥ አስገቢ፣ የወረደበትን ቀንም ጻፊ። የጋያ ዳታ የተጠቀመ ሰው አክኖውሌጅመንቱ ላይ የሚያስገባው የተዘጋጀ ጽሁፍ ዌብሳይቱ ላይ አለ፣ እሱን ኮፒ አድርገሽ ከአድቫይዘርሽና ከእናት አባትሽ ምስጋና ስር አድርጊው።